የግራ ዓይኔን ወስደህ ለፊልቱ ሰጠኸው

ይድረስ ለደምሴ፣ የእኔ ብቻ ነው ብዬ ለያዝኩህ ሰው።

እንደምን አለህ አልልህም። ያለህበትን አውቀዋለሁ፤ ቆሜ ነው ያስቀበርኩህ። ከተለየኸኝ ወዲህ ትልቁ ዝናብ መጥቶ ሄደ፣ ትንሹም መጥቶ ሄደ፤ አሁን ከብቱ ሁሉ ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚነዳበት፣ አቧራው በበር ስንጥቅ ገብቶ አልጋ ላይ የሚተኛበት ጊዜ ላይ ነን። ሙት ዓመትህ ደረሰ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ የምለው አጥቼ እንዳይመስልህ። ታውቀኛለህ፣ እኔ የምለው አጥቼ አላውቅም። ከጀመርኩ የማቆም ስላልመሰለኝ ነው። ደግሞ መጻፉም አለ። ፊደል የኔታ ዘንድ ሄጄ አልቆጠርኩም፤ ከሳሙና ካርቶንና ከሱቅ በር ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። የተሳሳተ ፊደል ብታገኝ እንዳትስቅብኝ። ሌላው ይሳቅ፤ አንተ ግን መብት የለህም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፣ ወጉ እንደዚያ ነው። የጓሮው አጥር በትልቁ ዝናብ ወድቆ ነበር፣ አሠራሁት። ካሚዮኑን ወንድምህ በቀለ ነው የሚነዳው፤ አንተ እንደ እንቁላል ትነካው የነበረውን ማርሽ እሱ ይወቅጠዋል። ውሻህ ጥሩምባውን ሲሰማ እስካሁን እየሮጠ ይወጣል፤ በቀለ ሲወርድ ያይና ተመልሶ በሩ ሥር ይተኛል። ኮትህ ሚስማሩ ላይ እንዳለ ነው። አላወረድኩትም። ናፍቀኸኝ ነው እንዳይመስልህ። ማለቴ ናፍቀኸኛል፣ ግን ለዚያ አይደለም። እያየሁት እንድቆጣ ነው የተውኩት።

እኔ ጥቁር እንደለበስኩ ነኝ። ኩል ዓይኔ አጠገብ አልደረሰም። ለሌላም ሴት አልሠራሁም፤ ባሏ የሞተባት ሙሽራ ትኩላለች ወይ ብለው ደፍረው የሚጠይቁኝ የሉም። መስታወቱን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ማታ ሲሆን በሬን ያንኳኳ የነበረው የከተማው ሴት ሁሉ፣ አሁን በሬን ያልፋል።

ሥራውን እንዴት እንደጀመርኩ ታስታውስ የለ? እናቴ ኩል ማለት ጥቁር መስመር ናት፣ ከዚያ ያለፈ ጣጣ ነው የምትል ሴት ነበረች። ለቀን ልክ ነበረች። በጦሩ ክበብ ውስጥ ማታ ማታ ግብዣ ሲጀመር ግን ነገሩ ተበላሸ። የማሾ ፋኖስ ብርሃን ክፉ ነው፤ ፊትን ነጭ አድርጎ ይልሰዋል፣ ጥቁሯን መስመር ብቻ ያስቀራታል። የሻምበሉ ሚስት አንድ ማታ ከበር ስትገባ አየኋትና ደነገጥኩ። ያቺ ቆንጆ ሴት ዓይኗ ሁለት ጉድጓድ ሆኗል። በጥቁሩና በቆዳው መሃል የሚያስታርቅ ነገር ጠፍቶ ነው አልኩ። ምን እንደሆነ ያገኘሁት ከኛው ጓሮ ነው። ፀሐይ ወደ ሊበን ሜዳ ስትወርድ ቆሜ አየኋት። አንድ ጊዜ አትጨልምም እኮ። መጀመሪያ ትቀላለች፣ ከዚያ ቡናማ ትሆናለች፣ ከዚያ ትጠቁራለች፤ ቀዩ የቱ ጋ እንዳለቀና ጥቁሩ የቱ ጋ እንደጀመረ ማንም ጣቱን አያሳርፍበትም። ይሄን ነው ዓይን ላይ የማወጣው አልኩ።

ቀዩ ከእግሬ ሥር ነበር። ሰዉ ቢዬ ዲማ የሚለው፣ ይሄ የነገሌ ቀይ አፈር። ጓሮ ከላይ ያለውን ገፍቼ፣ እግር ያልረገጠውን ከሥር ቆፍሬ አወጣሁ። በጥላ አደረቅኩ፣ ወቀጥኩ፣ በአሮጌ ነጠላ ደግሜ ደጋግሜ ነፋሁ፤ በጣት መሃል ሲሹት እንደሌለ እስኪሆን ድረስ። ጥቁሩን ከወይራ ከሰልና ከኩል ቀላቀልኩ። ቅቤ እንዳላስገባ ግን በአንድ ማታ ተማርኩ፤ የቆላ ሙቀት ቅቤን እስከ አገጭ ያወርደዋል። ቫዝሊን፣ እሱንም የጥፍር ጫፍ ያህል።

ሴቶቹ መጀመሪያ ምን እንዳሉኝ ታስታውሳለህ። «ታደለች የመንገድ አቧራ ልትኩለን ነው» አሉ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ደግሞ «ኧረ ዝናብ እንዳይመታችሁ፣ ቅንድባችሁ ሥር ጎመን ይበቅላል» ብላ መንደሩን ሁሉ አሳቀችብኝ። ሳቁ። የሻምበሉን ሚስት ኩዬ በማሾው ሥር ሳስገባት ግን ማን ሳቀ? ወንዶቹ ብርሌያቸውን ይዘው ቀሩ። በነጋታው ከእኔ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሴት ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ባሎች ሚስታቸው ስትኳል ምን ያደርጋሉ? «አልጨረስሽም?» ይላሉ፣ በር ላይ ቆመው ቁልፍ ያንቀጫቅጫሉ። አንተ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጥ ነበር። ክርንህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ፣ አገጭህን መዳፍህ ላይ አስደግፈህ። ትጠይቀኝ ነበር! ለምን ከዳር ወደ ውስጥ ትሄጃለሽ? ለምን በአመልካች ጣት አትቀቢም? እኔም ሞኟ እነግርህ ነበር። የቀለበት ጣት ከጣት ሁሉ ሰነፍ ነው፣ አይጫንም፣ ስለዚህ ለዓይን ቆብ እሱ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ቀዩ ከዳር እስከ መሃል፣ ወደ ላይ እስከ አጥንቱ፤ ከዚያ ጥቁሩ ዳር ላይ ብቻ፣ ትንሽ ወደ ጆሮ ሳብ ተደርጎ። ከዚያ በትንሽ ጥጥ ሁለቱ የሚገናኙበትን ማሸት፣ ማሸት፣ ድንበሩ እስኪጠፋ። ኩሉ መጨረሻ ላይ በእንጨቱ ወደ ውስጥ። ሁሉንም ነገርኩህ። አንድ ሹፌር፣ ቀኑን ሙሉ ከፊልቱ ከተማ እስከዚህ አቧራ ሲበላ የዋለ ሰው፣ እግሩን ሳይታጠብ ቁጭ ብሎ ስለ ዓይን ቆብ ሲጠይቀኝ ልቤ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ? ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከጎረቤት ስንቀመጥ «የእኔ ደምሴ እኮ ሥራዬን ከእኔ እኩል ያውቀዋል» እል ነበር፤ እመካ ነበር። እነሱ ምን ብለው ይሆን በሆዳቸው የሳቁብኝ?

የግራ ዓይኔን ነገር ደግሞ ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅ ሆኜ እንጨት ለቀማ ሄጄ የግራር እሾህ ቆቡን ቀደደው፤ ዓይኑ ተረፈ፣ ቆቡ ላይ ነጣ ያለ ጠባሳ ቀረ። ጠባሳ ቀለም አይዝም፣ ይተፋዋል። ስለዚህ ራሴን ስኳል ግራውን እደግመዋለሁ፤ ጥቁሩን በቀዩ ላይ፣ እንደገና ቀዩን በጥቁሩ ላይ። ስወጣ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ማንም አይለይም። የምደግመውም ማንም እንዳይለይ ነው። አንተ ከአልጋው ላይ ሆነህ «ታዱዬ፣ ግራውን ድገሚው» ትለኝ ነበር። እንደ ዘፈን ነበር የምትላት። ለደንበኞቼ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም፤ ጠባሳ ለሌላት ሴት ግራዋን ምን ብዬ እደግመዋለሁ?

እሺ፣ አሁን ያን ማታ። የነጋዴው ልጅ የተዳረችበትን። ሙሽራዋን የኳልኩት እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አልሠራሁም። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ማሾ ተሰቅሏል፣ እኔም አምሮብኝ ካንተ ጎን ተቀምጫለሁ። የከብት ነጋዴ ሚስት ከፊልቱ ለእንግድነት መጣች ተባለና ገባች። ዓይኗን አየሁ። የእኔ ዓይን ነው! ቀዩ፣ ወደ ጆሮ የተሳበው ጥቁር፣ የጠፋው ድንበር። ደግሞ ግራው ጠቁሯል። ከቀኙ ግራው ይጠቁራል፣ ልክ ተደግሞ እንደተኳለ።

የሻምበሉ ሚስት፣ እኔ በእጄ ሰው ያደረግኋት ሴት፣ በድንኳኑ መሃል ድምጿን ከፍ አድርጋ «እንዴ ታደለች፣ የራሴ ነው የምትይን ለካ የፊልቱ ኩል ኖሯል! ከየት ሰርቀሽው ነው?» አለች። እንግዳዋም ኮራ ብላ «ፊልቱ እኮ ሰርግ ያለሱ አይሆንም፤ እናንተ ዘንድም ደረሰ?» አለች። እትዬ በላይነሽ «አፈሩን ከእኛ፣ ብልሃቱን ከፊልቱ!» ብላ ጨመረችበት። ሰዉ ሳቀ። እኔ ወደ አንተ ዞርኩ። አፈሩን ስነፋ ያየኸው አንተ ነህ። ቅቤው ሲወርድብኝ፣ ከሰሉ ሲያቃጥለኝ፣ ሳለቅስ፣ እንደገና ስጀምር ያየኸው አንተ ነህ። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው። «የሚስቴ ነው» ብትል ይበቃኝ ነበር። ብርሌህን አነሳህ፣ ጠጣህ፣ አስቀመጥክ፣ ወደ ዘፋኙ አየህ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጠየቅኩህ። የፊልቷ ሴት ግራዬን እንደምደግመው እንዴት አወቀች አልኩህ። ተኩዬ ስወጣ ያየኝ አያውቀውም፣ ሲሠራ ያየ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ሲሠራ ያየ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው አልኩህ። «አገሩ ሁሉ በካሚዮን ይመላለሳል፣ አንዷ በመስኮት አይታሽ ይሆናል» አልከኝ። በነጋታው ሻሽ ገዝተህ አመጣህልኝ፣ አበባ ያለበት። አሰርኩት። አመንኩህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ከተማዬ ሌባ ሆኜ ነው የኖርኩት፣ አንተም ከሌባዋ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተህ ታውቀው ነበር።

ከዚያ ንዳዱ ከቆላ ይዞህ መጣ። በካሚዮኑ ላይ ተጭነህ ገባህ፣ ሳምንት አልቆየህም። ሲያንቀጠቅጥህ እጄን ይዘህ የሆነ ነገር ልትነግረኝ አፍህን ትከፍት ነበር። እኔ «አትድከም፣ ተው ይቅር» እልህ ነበር። ምነው በነገርከኝ። ምነው ባልከለከልኩህ። አይ፣ አይ፤ እድሜ ልክህን ስታወራ የኖርክ ሰው ነህ፤ ለመናገር ንዳድ እስኪይዝህ መጠበቅ አልነበረብህም።

አርባህ ካለፈ በኋላ በቀለ ከፊልቱ ሲመለስ አንዲት ልጅ ከጎኑ አስቀምጦ መጣ። ከካሚዮኑ ስትወርድ በር ላይ ቆሜ ነበር። ረጅም ናት። ግንባሯን አየሁ፤ ያንተ ግንባር ነው፣ መሃሉ ላይ ያችው ስርጉድ። ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች፣ ዓይኗ ባዶ ነው። የፊልቱ ልጃገረድ ያለ ኩል ገበያ አትወጣም፤ ባዶ ዓይን ሐዘን ነው። «አካም ጅርታ» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠየቀችኝ፣ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች፣ ከዚያ የለቀስተኛው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ «አባቴ፣ አባቴ» እያለች አለቀሰች። ሴቶቹን አየኋቸው። የአንዳቸውም ፊት አልደነገጠም ደምሴ! ይሄ ነው የገደለኝ። እትዬ በላይነሽ ወደ መሬት ነው ያየችው። በቀለ ጎማ ለማየት ወጣ። ለካ መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ረዳቱ ያውቃል፣ ነዳጅ ቀጂው ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ ለሰው ሁሉ ፊት ስሠራ በገዛ ፊቴ ላይ የሚሠራውን ያላየሁ።

ሐዋ ነው ስሟ። መቼም ያወጣህላት አንተ ነህ ወይም እናቷ ናት፤ አልጠየቅኩም። አሥራ ስድስት ቢሆናት ነው። በትዳራችን ውስጥ የተወለደች ናት ማለት ነው። ልጅ አጥተን ጸበል ለጸበል ስንዞር፣ ዘመዶችህ «መካን ይዘህ እስከ መቼ» እያሉ ቡናዬን እየጠጡ ሲሰድቡኝ፣ አንተ ተነስተህ ምን አልክ? «ጉድለቱ ከእኔ ነው፣ እሷን ተዉአት» አልክ። ለዚያች ቃል ስል ብዙ ነገር ይቅር ብዬሃለሁ። ወንድ ልጅ በሰው ፊት እንዲህ አይልም፤ ለእኔ ሲል ወንድነቱን ጣለ ብዬ ሌት ተቀን ስወድህ ኖርኩ። ለካ ያን ስትል አንድ ልጅህ ፊልቱ ላይ ጥርስ ታበቅል ነበር። ለካ ቃሉ ምንም አላስከፈለህም።

ልጅቱን ማባረር ነበረብኝ። ሁሉም የሚጠብቁት ያን ነበር፤ እትዬ በላይነሽ ለማየት ስትል ቤቷ አልሄድ ብላ ነበር። አላባረርኳትም። ወደ ቤት አስገብቼ አሳደርኳት፣ ደግ ሆኜ ሳይሆን ሁሉንም ልጠይቃት ስለፈለግኩ ነው። እሷ ግን ቀደመችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ቁጭ አለችና በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀለች አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለች። ፊልቱ ላይ ሙሽራ የምትኩለው እሷ ናት። እናቷ ታማለች፤ ቤቱን የያዘችው በዚሁ ነው። አባቷ የሚያመጣላት አንድ ቀይ አፈር አለ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ። የፊልቱ አፈር ነጣ ያለ አሸዋ ነው፣ ዓይን ላይ አይዝም። አሁን ጣሳው ባዶ ሆኗል፣ ሙሽሮች ይጠብቃሉ፣ አጎቷን ብትጠይቀው አላውቅም አላት። አባቴ ከየት ያመጣው እንደነበር ታውቂ ይሆን አለችኝ።

ከተቀመጥንበት አሥር እርምጃ አይሞላም የአፈሩ ጉድጓድ።

ማን አስተማረሽ አልኳት። አባቴ አለች። ወደ ፊልቱ ሲመጣ እናቷ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ እሷን ከፊቱ አድርጎ ይነግራት ነበር። ከዳር ወደ ውስጥ። በቀለበት ጣት፣ ሰነፍ ስለሆነ። ቅቤ እንዳታስገቢ። እኔ የምለውን ነው ደምሴ፣ በእኔው አባባል፣ «ሰነፍ» የምትለዋ እንኳ ሳትቀር። እሱስ ከየት ተማረው አልኳት። «ነገሌ ያለች ሙሽራ የምትኩል አንዲት ሴትዮ ስትሠራ አይቼ ነው ብሎኛል» አለች።

አንዲት ሴትዮ።

ሌላውን ሁሉ፣ ሴቷንም ልጅቷንም፣ ስንቱ ሹፌር እንዲህ ያደርግ የለ ብዬ አንድ ቀን እውጠው ይሆናል። ይቺን ግን አልውጣትም። የጠየቅከኝ ሁሉ እኔን ብለህ አልነበረም። አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጥከው ለእኔ አልነበረም። ከእኔ እየቀዳህ ወደዚያ የምታፈስ ቦቴ ነበርክ። ያን ሁሉ ማታ ፊቴን ስታየኝ የሌላ ልጅ ፊት እያየህ ነበር፤ እኔ ግን ታየሁ ብዬ አብብ ነበር።

እስኪ ሥሪልኝ አልኳት። የበላይነሽን ልጅ ጠርቼ አስቀመጥኩላት፣ የእኔን ከሰልና ኩል ሰጠኋት፤ ቀዩን ከባዶው ጣሳ ጥግ ፍቃ አወጣች። ጣቷን ሳይ የራሴን ያየሁ መሰለኝ፤ ምን ልበልህ፣ ከእኔ ትበልጣለች። እኔ ድንበሩን ለማጥፋት ግማሽ ሰዓት ስታገል እሷ ሦስት ጊዜ በጥጥ ዳሰስ አድርጋ ጨረሰችው። ስትሠራ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች፣ እንደ አንተ ጎማ ስትፈታ። ከዚያ ስትጨርስ ወደ ግራው ተመለሰችና ጥቁሩን በቀዩ ላይ፣ ቀዩን በጥቁሩ ላይ ደገመችው። የበላይነሽ ልጅ አንድ ዓይኗን የተመታች መሰለች።

ግራውን ለምን ትደግሚዋለሽ አልኳት። «አይ እትዬ፣ ውበቱ እሱ ነው እኮ። አባቴ ‹ግራውን ድገሚው› ይል ነበር፣ ሁሌ፣ ሳይረሳ» አለችኝ። ፊልቱ ላይ ግራው ካልጠቆረ ሥራው አላለቀም ይሉኛል፣ መልሰው ይልኩኛል አለች።

እጇን ይዤ ወደ ውጭ ወሰድኳት፣ ወደ ቀን ብርሃን። ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ሰጠኋት። ኩል ያልነካው ቆብ ነው፣ ጠባሳው እንዳለ። በቀለበት ጣቷ ጠባሳውን ዳሰሰች። ከዚያ መጀመሪያ ሳቀች ብልህ ታምናለህ? በእጇ አፏን ይዛ፣ ያ ሁሉ የፊልቱ ሴት፣ የነጋዴ ሚስት፣ የባላባት ሚስት፣ በአንድ የግራር እሾህ ምክንያት አንድ ዓይኗን አጥቁራ ስትዞር ታይቷት። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመና ገባት። «አንዲት ሴትዮ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እሷ ያለቀሰችው ለአንተ አልነበረም።

እስኪ መልስልኝ። እኔ ሥራዬን የምሰጣት ሴት ልጅ ስጠኝ ብዬ አምላኬን ስለምን አጠገቤ ተንበርክከህ አሜን ትል አልነበር? ልጅቷ ነበረች እኮ። ጣቷ ነበረ፣ ዓይኗ ነበረ፣ የአንድ ቀን የካሚዮን መንገድ ላይ ተቀምጣ ነበረች። በእጄ ይዤ ባስተምራት ግራውን አትሳሳትም ነበር። ቁጣዬንም ጩኸቴንም እችለው ነበር፤ ሳምንት እጮህ ነበር፣ ወር እጮህ ነበር፣ ከዚያ አምጣት እልህ ነበር። አውቃለሁ፣ እልህ ነበር። የከለከልከኝ ይሄን ነው። ልጅህን ከእኔ ደበቅክ ብቻ አይደለም፣ ተማሪዬን ነው የደበቅከው። እሷንም ያለ አስተማሪ አስቀረሃት።

አፈሩን ሰጠኋት። ለአንተ ብዬ አይደለም። ራሴ ቆፍሬ፣ ራሴ ነፍቼ፣ እንዴት እንደሚቆፈርም አሳይቼ። ሁለቱን ዓይን እኩል ሥሪ አልኳት፤ እስኪለምዱ ይናደዱብሽ። የማን ነው ሲሉሽ ደግሞ የታደለች ነው በያቸው አልኳት። አሰበችና «ታደለች ምንሽ ናት ቢሉኝ ምን ልበል?» አለችኝ። አፌ ተያዘ። እኔ! በቀለ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር፣ ተሳፍራ ሄደች፣ መልስ ሳልሰጣት።

ከዚያ ወዲህ በቀለ ፊልቱ ደርሶ ሲመለስ የሴት ወሬ ይዞልኝ ይመጣል። አንዳንዶቹ ሐዋ ሥራ ጠፋባት ብለው ተቆጥተዋል አሉ፣ አንዳንዶቹ ሁለቱም ዓይን እኩል ሲሆን ያምራል ብለዋል አሉ። ስሜን ትናገራለች አሉ። «የነገሌዋ ታደለች» ትላለች፣ ምኗ እንደሆንኩ ግን ሲጠይቋት ዝም ትላለች አሉ።

ባለፈው እሑድ በቀለ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ለሙት ዓመት ተዝካርህ ልጅቱን እንዳልጠራ ሊለምኑኝ ነው። «የሟች ስም ነው፣ ደግ ሰው ተብሎ የተቀበረ ሰው ነው፣ ለምን ሬሳውን ታዋርጅዋለሽ» አሉኝ። ፊልቱ ላይ የሚያውቀው ያውቃል፣ እዚህ በአደባባይ አይሁን አሉኝ። ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቅኩ፤ ልብ በል፣ እኔ ጠበቅኩ። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው። እኔ ሌባ ስባል በአደባባይ ነው፣ መካን ስባል በአደባባይ ነው። የእሱ ብቻ በጓዳ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሽማግሌዎቹ ምርኩዛቸውን አነሱ። በቀለ በር ላይ ዞሮ «ትጠዪው ነበር እንዴ?» አለኝ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሚስት የለውም አልኩት።

እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። በተዝካርህ ቀን ሐዋ ትመጣለች፤ ልኬባታለሁ። ፍራሹ ላይ ከሴቶቹ መጨረሻ ሳይሆን ከእኔ ቀጥሎ ትቀመጣለች። ካህኑ የሟች ቤተሰብ ሲል አብራኝ ትነሳለች። የሻምበሉ ሚስት ትኖራለች፣ እትዬ በላይነሽ ትኖራለች፣ ነዳጅ ቀጂውም ይኑር። ማን ናት ብለው ሲጠይቁ እሷ አትመልስም፣ እኔ ነኝ የምመልሰው። የደምሴ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት እላለሁ። ለእሷም ምንሽ ናት ሲሉሽ አስተማሪዬ በይ ብዬ በበቀለ ካሚዮን ልኬላታለሁ፤ ሌላው ስም ከመጣ በራሱ ጊዜ ይምጣ። በማግሥቱ ጥቁሩን አወልቃለሁ፣ ከመስታወቱ ላይ ነጠላውን አነሳለሁ፣ ሐዋ ከመመለሷ በፊትም የዓይኔን ቆብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ይሠራልኛል።

ማስታወሱን አትስጋ፣ አስታውስሃለሁ። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ስለ አንተ ብዙ ይባላል፤ ደግ ነበር ይላሉ፣ እጁ የማይሰስት፣ መንገድ ላይ የቀረን የሚጭን፣ ሚስቱን በሰው ፊት የሚያከብር። ይበሉ። ሁሉም ግማሽህን ይዞ ወደየቤቱ ይሂድ። ሙሉህን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እጄን የያዝክበትን እጅም፣ ብርሌውን ያነሳህበትን እጅም። ከእነሱ ሁሉ ይበልጥ የማስታውስህ እኔ ነኝ፣ ደምሴ፤ ምክንያቱም አላሳምርህም።

ሚስትህ ታደለች
ነገሌ